ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፤ የት ደረሰ?

ጂንካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ታብሌት የያዘ፣ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ይመጣል፣ አስተርጓሚ ያፈላልጋል፣ በማግስቱ ወደ ቀበሌዎቹ ይወጣል። መጠይቅ ይሞላል፣ አሻራ ይነሳል፣ መኪናው ይመለሳል። ከዚያስ?

አንድ በይፋ የሚታወቅ ጉዳይ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ፣ የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መሬት እየተጠረገ በነበረበት ጊዜ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅቶች ባለሙያዎች ታችኛው ኦሞ ወርደው ሙርሲዎችንና ቦዲዎችን አነጋገሩ። ሰዎቹ ስለ መሬታቸው፣ ስለ ድብደባ፣ ስለ መደፈርም ሳይቀር ተናገሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን የእንግሊዝ መንግሥት አቤቱታውን ማረጋገጥ አልቻልንም አለ። ደግነቱ አብሯቸው ያስተረጎመው ዊል ኸርድ ንግግሩን ቀድቶ ነበር፤ በ2013 ኦክላንድ ኢንስቲትዩት ይፋ አደረገው።

ቅጂው ባይኖር ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ግን ሌላም ጥያቄ አለ፦ ቅጂው ሲወጣ የተናጋሪዎቹን ደህንነት ማን ይጠብቃል? ይህን ጥያቄ እኛ ጋዜጠኛ የምንባለውም ብዙ አንጠይቀውም፣ እውነቱን ለመናገር።

ፎርሙ ላይ ያለው «ፈቃደኛ ነኝ» ያን ያህል አይበቃም የምንለው ለዚህ ነው። መሬቱ በመንግሥት ወረቀት ሲወሰድ ላየ ሰው፣ ስሙና አሻራው ያረፈበት ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም። እምቢ ማለት እንደሚችል፣ እምቢ ቢል ምንም እንደማይቀርበት፣ ወረቀቱን ማን እንደሚያየው በራሱ ቋንቋ ካልተነገረው ፈቀደ ማለት ይከብዳል። ፎቶ ያነሳ ቱሪስት እንኳ ብር ቆጥሮ ይሄዳል፤ አጥኚው ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል።

ይህ የሚቀየር ነገር ነው። በደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች በ2017 ለተመራማሪዎች የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል፤ ሊያጠናቸው የሚፈልግ መጀመሪያ እነሱን ያስፈቅዳል። ደቡብ ኦሞ ውስጥ 16 ብሔረሰቦች አሉ፣ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኮረብታው ላይ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። ጥናቱ ተመልሶ ለባለቤቶቹ የሚነበብበት ቦታ አልጠፋም።

አስተርጓሚና መረጃ ሰብሳቢ ሆናችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ በሚቀጥለው ሥራ ላይ አበል ከመስማማታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልን፦ «ውጤቱን ይዛችሁ መቼ ትመለሳላችሁ?» የሰጧችሁን መልስ ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ የማንንም ስም አትጥቀሱ።