«ሐሳብ በዛብኝ» ለሚሉን ሰዎች ምን እንመልሳለን?

በዚህ ገጽ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ክትባት ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን በመዝገባችን ላይ በስሙ ስለማይጻፍ ሕመም አስተያየቴን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። አስተያየቱ የእኔ የግሌ እንጂ የድርጅቱ አይደለም።

ወደ እኛ የሚመጣው ሰው በመጀመሪያ የሚናገረው «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን»፣ «ወገቤን» ብሎ ነው። እንጽፋለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን። ከዚያ ካርዱን አጣጥፎ ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ይቆምና «ሲስተር፣ እንዲያው ሐሳብ በዝቶብኝ ነው መሰለኝ» ይላል። እኛስ ምን እንመልሳለን? «አታስብ፣ ሁሉም ያልፋል።» እኔ ራሴ ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩትም። ነገር ግን አንድን ስደተኛ «አታስብ» ማለት በሐምሌ ወር ጅቡቲ ፀሐይ ላይ አቁሞ «አያልብህ» እንደ ማለት ነው።

ጭንቀት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አደጋ ሲገጥመን ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ድንበሩን በሌሊት ስንሻገር ያገዘን ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነት ለወራት እንደተወጠረ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የደም ግፊት ከፍ ሊል ይችላል፣ ሰው በማይረባ ነገር ልጁን ይቆጣል።

ስለ ጨጓራ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሁሉንም በሐሳብ ማሳበብ አይገባም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ብዙው የጨጓራ ቁስለት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳይተው በ2005 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለራስ ምታት ተብሎ በባዶ ሆድ የሚዋጠው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨጓራን ያቆስላል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም።

ምርመራው ነጻ ሆኖ ሕመሙ የማይለቀው ሰውስ? በእኔ እምነት የእኛን ሰው ከምንም በላይ የሚጎዳው ያለፈው መከራ ብቻ ሳይሆን መጠበቅ ነው። አሊ አዴ መጠለያ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ የእኔ እኩያ ነው። ልጅ ወልዶም ቢሆን ገና «ፕሮሰስህ የት ደረሰ?» ይባላል። እዚህ ከተማ፣ በባልባላ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው የሚኖሩትም ከዚህ አይሻሉም። ቀኑ ሙቀት ነው፣ ሌሊቱም ሙቀት ነው። ስልኩን ሲከፍቱ አብሮ አደግ ጓደኛ ካናዳ በረዶ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል። ጥቂት ቆይቶ ከአገር ቤት ይደወላል፤ የወንድም ትምህርት፣ የእናት መድኃኒት። ውጭ የወጣ ሁሉ ያለፈለት ይመስላቸዋልና አይፈረድባቸውም። ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲደርስ ደግሞ ሐሳቡ ለጥቂት ሰዓት ያማረ ይመስላል፤ ሌሊት ግን እንቅልፍን ይዞ ይሄዳል።

አበው «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚነገረው በመነኩሴው ለመሳቅ ነው። እኔ ግን እንደ ነርስ ሳየው መነኩሴው ልክ ነው ባይ ነኝ። የሚሰፋ ነገር ስላጣ ቀደደ፤ እጁ ቢያንስ አንድ ነገር ጀምሮ ጨረሰ።

ይህን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። ከአገሬ የወጣሁት የነርስነት ሰርተፍኬቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ነበር። እዚህ በደረስኩ በመጀመሪያው ዓመት ወረቀቱን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት ጣሪያ እያየሁ አነጋለሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት (እማማ እላቸዋለሁ) የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ልጃቸው የላከላቸው የግፊት መለኪያ ቢኖርም የሚያነብላቸው አልነበረም። አንድ ማክሰኞ ለካሁላቸው። በሚቀጥለው ማክሰኞ አርፍጄ ስነሳ በሬ ላይ ቆመው «ምነው ልጄ፣ ዘነጋሽኝ እንዴ?» አሉኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ለመዘግየቴ የተቆጣኝ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ የሚባል ቀን ኖረኝ። እንቅልፌ ወዲያው አልተመለሰም፤ ሲመለስ ግን ከማክሰኞ ዋዜማ ነው የጀመረው።

ቪክቶር ፍራንክል ስለሚባለው የቪየና የአእምሮ ሐኪም የሰማሁት ከዚህ በኋላ ነው። ናዚዎች በ1942 (እ.ኤ.አ.) ከቤተሰቡ ጋር ቴሬዚየንሽታት ወደሚባል ማጎሪያ ወሰዱት፤ በ1944 ወደ አውሽቪትዝ አዛወሩት። አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን አጣ። ሰው ለሕይወቱ ትርጉም ስለ መፈለጉ የጻፈው መጽሐፍ በ1946 ታትሞ በዓለም ታወቀ። መጠለያችንን ከዚያ ሥፍራ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ያ ነውር ይሆናል። እኔን የነካኝ ከመጽሐፉ ይልቅ በቴሬዚየንሽታት የሠራው ሥራ ነው። አዲስ ለሚገቡት ሰዎች ድንጋጤያቸውን የሚያረጋጋና ራሳቸውን እንዳያጠፉ የሚጠብቅ ቡድን አደራጅቶ ነበር። እስረኛ ሆኖ ሳለ ለእስረኛ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

ስለ ጭንቀት የሚሰጡ ትምህርቶችን እኔም ተከታትያለሁ። በአንዱ ላይ በጥልቀት ተንፍሱ፣ ሙዚቃ ስሙ፣ በአትክልት ሥፍራ ተንሸራሸሩ ተባልን። (ወሩ ሰኔ ነበር፤ የአትክልቱን ሥፍራ ግን ያሳየን የለም።) ቀስ ብሎ መተንፈስ በእርግጥ ይረዳል፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ሰውየው ተንፍሶ ሲጨርስ የሚሄድበት ከሌለው ትምህርቱ ከበሩ አያልፍም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ስነግረው ተቆጣ። «በነጻ ጥረጉ፣ በነጻ አስተምሩ፣ ትርጉም ታገኛላችሁ ልትይን ነው? ሰው የሚፈልገው ደመወዝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥቶታል፤ በጎ ፈቃደኝነት ደመወዝን እንዲተካ አልፈልግም፣ የበጎ ፈቃደኛው አበልም የላቡን ያህል አይደለም። ቢሆንም ደመወዙ እስኪመጣ ሰውየው በየማለዳው ይነቃል። ለዚያ ማለዳ ምን አለን?

እኔ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። ሰውን ስንመዘግብ ስሙንና ዕድሜውን ጠይቀን አናብቃ፤ ምን መሥራት እንደሚችልም እንጠይቅ፣ ጠይቀንም መዝገቡን አንዝጋው። ልብስ ሰፊዋ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ቧንቧ ጠጋኙ በመካከላችን አሉ። አዲስ ለገባ ቤተሰብ ደግሞ ቀድሞ የመጣ አንድ ቤተሰብ ቡና አፍልቶ ይቀበለው፤ ውኃው የት እንደሚቀዳ፣ ካርዱ የት እንደሚታደስ ያሳየው። የሚቀበለውም ሰው ከተቀባዩ ባልተናነሰ እንደሚጠቀም አይቻለሁ። በመካከላችን ዕቁብ የጀመሩት እናቶች ሳምንታዊ ቀናቸውን እንዴት እንደሚጠብቁት ተመልከቱ፤ ያ ቀን እንደ መድኃኒት ቀጠሮ ነው።

በዚህ ሁሉ ግን የታመመ ሰው ሥራ ስጡት ተብሎ እንዲተው አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት መሠረት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1ዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከምግብና ከሰው ከራቀ፣ የማይሰማ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ይህ የስንፍናም የእምነት ማነስም ምልክት አይደለም፤ ሕክምና ያስፈልገዋል። ስለ መሞት እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ኑ። ጠበል የሚጠመቅም ሆነ ቁርዓን የሚቀራበት ሰው ያንኑ ይቀጥል፤ የጀመረውን ኪኒን ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ።

የምዝገባውን ጉዳይ በሚቀጥለው የበጎ ፈቃደኞች ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። የምትቃወሙኝም የምትደግፉኝም ከእሁድ እስከ ሐሙስ በጤና ጣቢያው ታገኙኛላችሁ። ማክሰኞ ማለዳ ግን ትንሽ እዘገያለሁ፤ እማማ ጋ ነኝ።