ባለሜዳ የሌለው ሊግ

የፕሪሚየር ሊጋችንን መርሐ ግብር ስታዩ አንዱ ቡድን «ባለሜዳ»፣ ሌላው «እንግዳ» ተብሎ ይጻፋል። ቀልድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦቹ ተሰብስበው አንድ ከተማ ይገባሉ፣ ሆቴል ይዘው ለሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቀጣዩ ከተማ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር። ባለሜዳው ማን ነው? ማንም።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ነው። የ2012 ውድድር በመሀል ተቋረጠ፣ ዋንጫም ያነሳ አልነበረም። በዓመቱ ሁሉንም በተወሰኑ ከተሞች ሰብስቦ ማጫወት ብልህነት ነበር፤ ይህን አልክድም። ዲኤስቲቪም በዚያው ዓመት ካሜራውን ይዞ መጣ፣ በአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ውል። ግን ኮሮና ሄደ፣ ጊዜያዊው መፍትሔ ቀረ።

በዚያ በ2013 ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ! እስቲ አስቡት፤ ከተማው ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ዋንጫ ያመጡለትን ጎሎች ያየው በስክሪን ነው። ከዚያ በፊት እኮ በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ሲያሸንፉ ሜዳቸው ራሱ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ነበር።

እኛ ሲሬ ላይ ቅርባችን አዳማ ነው። በዴራ አድርገን ወርደን፣ ጨዋታ አይተን፣ ማታ እንመለስ ነበር። አሁን ሊጉ ተራው ደርሶ አዳማ ሲገባ የማናውቃቸው ቡድኖች በባዶ ወንበር ፊት ሲጫወቱ እናያለን፤ ተራው ሲያልፍ ደግሞ አዳማ ከተማም ራሱ አብሮ ይሄዳል። ታዲያ የሰፈሬ ልጅ የአርሰናልን ተቀያሪዎች እስከነቁጥራቸው ሲዘረዝር ምን ይገርማል? አርሰናል በየሳምንቱ ዲኤስቲቪ ቤት ይመጣለታል። የአዳማን አሰላለፍ ጠይቁት።

እንግሊዞች ክሪኬት የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ዛሬ 18 የደረሱት የአውራጃ ክለቦች ውድድር ከ1890 እንደ አውሮፓ ጀምሮ በይፋ ይካሄዳል፤ አንዱ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል፣ ተመልካቹም ብዙ አይደለም። በ2021 ለቴሌቪዥን የሚመች አጭር ውድድር በስምንት አዳዲስ ቡድኖች ተፈጠረና የበጋውን ምርጥ ወር፣ ነሐሴን፣ ወሰደው። የድሮው ደጋፊ እስከዛሬ ያጉረመርማል። ማጉረምረሙ ትክክል ነው፤ ግን እሱ ቢያንስ የክለቡ ሜዳ ስላለው እዚያ ተቀምጦ ነው የሚያጉረመርመው።

የሌላኛው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። በ2010 እና በ2011 የትግራይና የአማራ ክለቦች ጨዋታ በጸጥታ ስጋት እንዴት እንደተመሰቃቀለ የማይረሳ የለም። ሜዳዎቻችንም ደካማ ናቸው። ዋሊያዎቹ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «ባለሜዳ» ሆነው የተጫወቱት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ግን ሜዳው የማይጫወትበት ክለብ ሜዳውን ለምን ብሎ ያድሳል? አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ሣር ከማልበስ ይልቅ ለሌላ ከተማ ሆቴል ይከፈላል። የጸጥታውም ነገር ቢሆን፣ ሁሉም ጨዋታ የሚያጣላ ይመስል ሁሉንም ማሰደድ መፍትሔ አይባልም።

ሁሉም በአንድ ቀን ይመለስ አላልኩም። ሜዳው ብቁ የሆነ ክለብ በሜዳው ይጫወት፣ ያልሆነለት እስኪያስተካክል በተመረጠ ከተማ ይቆይ፤ አስጊ የሆኑት ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ገለልተኛ ሜዳ ይሂዱ። ካሜራው ሁሉንም ማዳረስ ካልቻለ በየሳምንቱ ሁለት ሦስቱን ያሳይ። ሳይተላለፍ የሚቀረውን ጨዋታ እኛው ሄደን እናየዋለን፤ የዴራው መኪና እንደሆነ አሁንም ይጭናል።