እህልን የሚያርቅ ማዕድና የግራና ማሽላ

በወሎው የግራና ሸለቆ ማሽላው ጎምርቶ አንገቱን በደፋበት ወራት፣ ማለዳ ወደ እርሻው የሚወርደውን ገበሬ «ጤና የምትሻ እንደ ሆነ እህል አትቅመስ» የሚለው ሰው ቢገጥመው፣ ገበሬው ቃሉን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ እርግማን ቢቈጥረው አልፈርድበትም፤ ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. እህል ታጥቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ያየ አገር ነውና። ዳሩ ግን ይኸው ምክር ዛሬ ከባሕር ማዶ ዘመድ በስልክ እየተላለፈ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ ሰው ጆሮ ደርሷል፤ ከንቱ ነው ብሎ መጣሉም ስሕተት ነው።

እህል፣ ድንችና ስኳር ከተበሉ በኋላ ግሉኮስ ወደሚባለው የደም ስኳር ይለወጣሉ፤ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊንም ስኳሩን ወደ ሕዋሳት ያስገባዋል፤ ከዕለቱ ፍጆታ የተረፈው በጉበትና በጡንቻ ጎተራ ይከማቻል፣ ጎተራው ሲሞላ ደግሞ ትርፉ ስብ ይሆናል። ሰው እነዚህን የካርቦሃይድሬት ምግቦች እጅግ ሲቀንስ ጎተራው በጥቂት ቀን ይጎድላል፣ ኢንሱሊኑም ዝቅ ይላል፣ ሥጋም የገዛ ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ ጉበት ከስቡ የሚሠራው ኪቶን የተባለው ንጥረ ነገርም አንጎልን ሳይቀር ይመግባል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው መቅለል ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ በጎተራው ያለው እያንዳንዱ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይኖራልና።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1863 ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ሰው ዳቦና ስኳር ትቶ እንደ ከሳ ጽፎ አሳትሟል፤ በ1921 ደግሞ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ይህንኑ ሥርዓት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን አቅርቦታል። ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬን የሳበው ግን የስታንፎርድ ጠቢባን በ2018 ያወጡት ነው፤ 609 ሰዎችን ከሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ስብን ለሌላው ካርቦሃይድሬትን አሳንሰው አንድ ዓመት ቢከታተሉ፣ የፊተኞቹ 5.3 ኪሎ፣ የኋለኞቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ይህም ልዩነት ከቍጥር አይገባም። ሁለቱም ወገኖች ግን ስኳርንና የነጣ ዱቄትን እንዲያርቁ ታዝዘው ነበር።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የሚከሰሰው ለስላሳው፣ በስኳር የተሞላው ሻይና የፉርኖው ዳቦ እንጂ፣ ከነገለፈቱ የተፈጨው የማሽላ እንጀራ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ የሚውል ሰው እንጀራውን በላቡ ይከፍላል፤ ከወንበር ሳይነሣ የሚውለው ከተሜ ግን የዚያኑ ያህል ቢቈርስ ትርፉ በወገቡ ላይ ይቀራል።

ደግሞስ የኦርቶዶክስ ምእመናን 55ቱን የሁዳዴ ቀን ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ሳይቀምሱ በሚውሉበት አገር፣ እህልን አርቆ በእነዚሁ ላይ የተመሠረተ ማዕድ እንዴት ይጸናል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ15,000 በላይ አሜሪካውያንን ለ25 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናትም፣ ከምግባቸው ኃይል ግማሽ ያህሉን ከካርቦሃይድሬት ያገኙት ረጅም ዕድሜ እንዳላቸው፣ ካርቦሃይድሬቱን በሥጋ የተኩት ግን ከዕፅዋት በሚገኝ ፕሮቲንና ስብ ከተኩት ይልቅ ቶሎ እንደ ሞቱ አሳይቷል፤ እንዲህ ያለው ክትትል መንሥኤን በፍጹም ባያረጋግጥም ለእኛ የሽሮና የምስር ሰዎች ቸል የሚባል አይደለም።

የስኳር ሕመምተኛ ነገር ግን ለብቻው ነው፤ እንጀራ መቀነስ በእርግጥ ይረዳዋል፤ ሆኖም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌው እንዳለ ሆኖ እንጀራውን ብቻ ቢቀንስ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላልና፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምረው። በየጤና ጣቢያው የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም «እንጀራ ተው» ብለው ከማሰናበት፣ ስንት እንጀራ፣ ከምን እህል፣ በምን ወጥ፣ በጾም ነው ወይስ በፍስክ ብለው እንዲጠይቁት፣ ሁለቱን እንጀራ አንድ አድርጎ ሽሮውንና ጎመኑን እንዴት እንደሚያበዛም ከባለቤቱ ጋር አስቀምጠው እንዲያሳዩት እለምናለሁ።