ታጥቦ የሚሄድ ቫይታሚን

ጁባ፣ ሎሎጎ ውስጥ የፀጉር ቤት ያላት ሐበሻ ከካምፓላ ያስመጣችውን ብርቱካናማ ቱቦ መጀመሪያ የሞከረችው በራሷ ፊት ነው። ቱቦው ላይ «ቫይታሚን ሲ»፣ «ፊት የሚያፈካ»፣ «የሞተ ቆዳ የሚያነሳ» የሚል ተጽፏል። እጇ ላይ ጨመቅ ስታደርገው የብርቱካን ልጣጭ ሸተተ፤ ውሃ ሲነካው ደቃቅ ፍሬዎቹ ከጣቷ ሥር ኮረኮሩ። ግንባሯንና ጉንጯን አሸት አሸት አድርጋ ከጄሪካኑ በጣሳ እየቀዳች ታጠበች። ፊቷ ለሰለሰ፤ ወዝም አወጣ።

ወዙ ግን የቫይታሚኑ ሥራ አይደለም።

አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ሼልደን ፒኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ንጹሑ ቫይታሚን ሲ፣ ማለትም አስኮርቢክ አሲድ፣ ወደ ቆዳ የሚዘልቀው የተቀባው ነገር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.5 በታች ሲሆን እንደሆነ አሳይተዋል፤ መጠኑም እስከ 20 በመቶ ሲደርስ ነው የበለጠ የሚገባው። ያም ቢሆን ፊት ላይ ለሚቆይ ሲረም እንጂ አረፋው ሳይጠፋ በውሃ ለሚለቀለቅ ሳሙና የሚሠራ ስሌት አይደለም። የቱቦውን ጀርባ ያነበበ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። በእንዲህ ያለው ዝርዝር ብዙው ይቀድማል፤ ውሃ፣ አረፋ ማውጫ፣ ግሊሰሪን፣ ሽቶ ተጽፈው ቫይታሚኑ የሚመጣው ከሽቶው በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ነው። በዚያ ላይ ንጹሑ አስኮርቢክ አሲድ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር አይችልም፤ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ እየሆነ ኃይሉን ያጣል። የጁባ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደረ ዕቃ በመጋቢት ምን እንደሚሆን ሎሎጎ የከረመ ሰው ያውቀዋል።

የሠራው ፍትጊያው ነው። ለዚህም ቢሆን አዲስ ነገር አያስፈልግም ነበር፤ ሱዳናውያን ሴቶች በእንጨት ጢስ የታጠነ፣ ሽቶ የገባበት ሊጥ፣ ዲልካ የሚሉትን፣ ገላቸውን ሲፈትጉበት ኖረዋል። የቱቦው ፍሬ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ከፊት ያልፋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ከሚታጠቡ መዋቢያዎች ያስወጣችው ነው። ሎሎጎ ደግሞ ነጭ ዓባይ ዳር ናት፤ የጣሳው ውሃ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

«ከዚህስ ከኮኞ ኮኞ ገበያ ሎሚ ገዝቼ ብቀባ አይሻልም?» አለቻት አንዲት ደንበኛ። አይሻልም። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፤ ያቃጥላል። በተለይ አረንጓዴው ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን እስከ ማቁሰልና ጥቁር ምልክት እስከ መተው የሚያደርስ ንጥረ ነገር አለው።

የሚያሳስቡት ግን «ያቀላል?» ብለው የሚጠይቁት ናቸው። ለእነሱ የተዘጋጁት ክሬሞች ውስጥ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገር ወደ አገርም እንዳይገባና እንዳይወጣ ተስማምተዋል። ከእነዚያ ጋር ሲተያይ ብርቱካናማው ቱቦ ጨዋ ነው፤ ቢበዛ ኪስ ይጎዳል፣ በየቀኑ ከፈተጉበትም ቆዳ ያስቆጣል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ቱቦዎቹን ከማዲያት ቅባቶቹ መደርደሪያ አንስታ ከሳሙናው ጎን አስቀመጠቻቸው። ማዲያት ላለባት ሴት የምታወጣላት ሰንስክሪን ነው። ዋጋውን የሰማች ደንበኛ ግን ብዙ ጊዜ ቱቦውን ይዛ ትወጣለች።