የአርማታ ግድግዳ የማፍረስ ነገር

እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ልጁን አቅፎ በደረጃ ያልወረደ የፎቅ ነዋሪ ጥቂት ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የተለካው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ ነበር። እዚያ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። እኛን ያገኘን ውዝዋዜው ብቻ ነው።

ታዲያ ወሬው ሲበርድ «አዲስ አበባን ምን ይነካታል!» ማለት ተጀመረ። ይህን የሚሉ ሰዎች በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ከተማችንን እንዴት እንዳናወጣት አልሰሙም። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ የፈረሰችውም በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው።

ሰንጋው ሄዶ ፎቁ በመጣበት ሰፈራችን ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ረጅም ሕንፃ ሲወዛወዝ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በሊፍቱና በደረጃው ዙሪያ የቆመው የአርማታ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በበር ሲከፈል ሁለቱን ወገን የሚያያይዘው ከበሩ በላይ ያለችው አጭር ቢም ናት፤ መሬት ሲናጥ ዱላው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ፌሮዋ ያነሰ የአርማታ ቢም ትሰነጠቅና ትፈርሳለች። የብረት ቢም ከሆነች ግን ትለመጣለች፤ እንደ ፊውዝ ጉልበቱን እሷ በልታ ግድግዳውን ታድናለች። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ ይህን የብረትና የአርማታ ጥምር አሠራር ከነስሌቱ ይዟል። ይሁን እንጂ ብረት ገባ ተብሎ ብቻ አይታመንም፤ ጫፉ በግድግዳው ውስጥ በቂ ርዝመት ካልተቀበረ ጭራሽ አርማታውን ፈልፍሎ ይወጣል።

ይኸው ደረጃ ለአዲስ አበባ የሚታሰበውን የመሬት ንቅናቄ ከስበት ኃይል 0.05 ወደ 0.1 አሳድጎታል፤ እጥፍ ማለት ነው። በቀድሞው ደንብ ተነድፎ የቆመ ሕንፃ እንግዲህ የሚያባክነው ትርፍ ጉልበት የለውም።

እኛ ግን ምን እያደረግን ነው? ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ ይፈረሳል፣ ለሱቅ ምድር ቤት ይቦረቦራል፣ ለቧንቧ ተብሎ ቢም ይበሳል። «ቤቴ ነው፣ ምን አገባችሁ» ይባላል። የክፍል መለያው ብሎኬት ቢሆን ፈቃድ አውጥቶ ማንሣት ይቻል ይሆናል፤ የአርማታው ግድግዳ ግን ከላይ ላሉት ሁሉ ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም። ደግሞ አንዳንዱ በመዶሻ አንኳኩቶ «ብሎኬት ነው» ይላል! ልስን ከተደረገ በኋላ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የስትራክቸር ፕላኑ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር ይወሰን እንላለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ የየብሎኩን የስትራክቸር ፕላን ከሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ተሸካሚዎቹ ግድግዳዎችም በቀለም ይመልከቱ። ሁለተኛ፣ እስከዚያው ድረስ መሐንዲስ አይቶ ሳይፈርም ማንም ግድግዳ እንዳይነካ። እስካሁን ያፈረሰ ካለም ሳያፍር ለኮሚቴው ያስታውቅ፤ ቀድሞ ሊታይ የሚገባው የሱ ወለል ነው።