እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ጉበትንስ ምን ይጠግነዋል?

በጋምቤላ ከተማ ከኒውላንድ የመጣ አንድ ተማሪ፣ «ሆዱ ለተነፋ ልጅ ሥር ቀቅለው ያጠጡታል፤ ጉበቱን ያድነዋል ወይስ ይጎዳዋል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ከፊዚክስ ትምህርት ውጭ ቢመስልም፣ ልጆች በባሮ ወንዝ እየዋኙ ለሚያድጉበት ከተማ የሕይወት ጥያቄ ነው።

በቢልሃርዚያ ጉበትን በዋነኛነት የሚጎዳው ትሉ ራሱ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። ትሉ በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ሲኖር፣ ከእንቁላሎቹ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውነት እንቁላሉን ለመከላከል ሲታገል ጠባሳ ይፈጠራል፤ የደሙ መተላለፊያ ይጠብባል፤ ግፊቱም ይጨምራል፤ ጣፊያም ያብጣል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ የቆየውን ጠባሳ ግን በቀጥታ አያጠፋም።

እዚህ ላይ እንዶድን የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ይህ ምልከታ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብቅቷቸዋል። ይሁን እንጂ እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ይገድላል እንጂ የጉበት መድኃኒት አይደለም፤ ቢጠጣም መርዛማ ነው። ቀንድ አውጣን መግደል፣ ትልን መግደልና ጠባሳን መጠገን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ለሦስተኛው ሥራ ተስፋ የሚሰጡ የዕፅዋት ውሕዶች የሉም ማለቴ አይደለም። ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚንና ከአንድ እሾሃማ ተክል ዘር የሚወጣው ሲሊማሪን፣ ቢልሃርዚያ በያዛቸው አይጦች ላይ የጉበት ጠባሳን እንደሚቀንሱ ሙከራዎች አመልክተዋል። ግን አይጥ ሰው አይደለም። ደግሞም «ከተፈጥሮ የተገኘ አይጎዳም» ለሚሉ የትግራይ ታሪክ በቂ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ብዙ ገበሬዎችን ያጠቃው የጉበት በሽታ ሲመረመር፣ ጥርጣሬው ያረፈው ከእህል ጋር በተቀላቀለ አረም ውስጥ በሚገኙ ፓይሮሊዚዲን አልካሎይዶች ላይ ነበር።

በእኔ እምነት መፍትሔው መለካት ነው። ወደ ጉበት የተላከ የንዝረት ሞገድ ጉበቱ በጠነከረ መጠን ፈጥኖ ይጓዛል፤ የጥንካሬው መጠን እፍጋትን በፍጥነት ካሬና በ3 በማባዛት ይገመታል። በሰከንድ 1.3 ሜትር የሚጓዝ ሞገድ 5 ኪሎ ፓስካል ያህል ያሳያል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። የቢልሃርዚያ ጠባሳ በደም ሥሮች ዙሪያ ስለሚያይል የአልትራሳውንድ ምስልም አብሮ ያስፈልጋል።

መለኪያው ብቻውን ግን አይበቃም። ትሉ ከሞተ በኋላ ጉበት በራሱ ጊዜ ሊያገግም ይችላልና፣ ፕራዚኳንቴልም ሥርም የወሰደ ልጅ ቢሻለው ምስጋናው ለየትኛው ነው? ይህን የሚለየው፣ ሁሉም ታማሚዎች ፕራዚኳንቴል ወስደው፣ የተክሉ ውሕድ ደኅንነቱ አስቀድሞ ከተረጋገጠ በኋላ ለግማሾቹ ብቻ ተሰጥቶ፣ ሁለቱም ወገኖች በእኩል ሲለኩ ነው።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ ልጁን አስቀድመህ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ሥሩን አታጠጣው። የአዋቂውን ዕውቀት ግን አትናቅ፤ የተክሉን ስም፣ የሚወሰደውን ክፍልና አዘገጃጀቱን ጠይቀህ መዝግብ። የዓድዋውም ግኝት የተጀመረው ሌላው አይቶ ያለፈውን ልብ ብሎ በማየት ነው።