የኮሮና ወረርሽኝና የ2020 የቴኒስ የውድድር ዘመን

የ2020 እ.ኤ.አ. የፕሮፌሽናል ቴኒስ የውድድር ዘመን በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ለአምስት ወራት ያህል የተቋረጠ ዘመን ነው። ወረርሽኙ የጨዋታ ቀኖችን ከማዛባት አልፎ የስፖርቱን ሁለት ድክመቶች ግልጽ አድርጓል። አንደኛው ቴኒስ አንድ የበላይ አስተዳዳሪ የሌለው መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው አብዛኞቹ ተጫዋቾች ካልተጫወቱ ገቢ የማያገኙ መሆናቸው ነው።

የውድድሮች መቋረጥ

ቴኒስ ተጫዋቾች በየሳምንቱ ከአገር ወደ አገር የሚዞሩበት ስፖርት በመሆኑ የድንበሮች መዘጋት ክፉኛ ጎድቶታል። በመጀመሪያ የቀረው ትልቅ ውድድር በካሊፎርኒያ የሚካሄደው የኢንዲያን ዌልስ ነበር፤ ይህም የካቲት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጸ። ከአራት ቀን በኋላ የወንዶቹ ማኅበር ኤቲፒ ውድድሮቹን አገደ፤ የሴቶቹ ማኅበር ደብልዩቲኤም ተከተለው። የዊምብልደን ውድድር ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ።

የአስተዳደር ክፍፍል

የዓለም ቴኒስ በሰባት አካላት ይመራል፤ እነሱም ኤቲፒ፣ ደብልዩቲኤ፣ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንና አራቱ የግራንድ ስላም ውድድሮች ናቸው። መጋቢት 8 ቀን የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ሌሎቹን ሳያማክር የሮላን ጋሮስን ውድድር ከግንቦት ወደ መስከረም አዛወረ። አዲሱ ቀን የአሜሪካው ዩኤስ ኦፕን ከሚያበቃበት አንድ ሳምንት ብቻ የሚርቅ ስለነበር ውሳኔው ብዙ ተጫዋቾችን አስቆጣ። በሚያዝያ ወር ሮጀር ፌደረር የወንዶቹና የሴቶቹ ማኅበራት ይዋሃዱ የሚል ሐሳብ ቢያቀርብም ውህደቱ አልተፈጸመም።

የተጫዋቾች ገቢ

የቴኒስ ተጫዋች እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ከክለብ ደመወዝ አይከፈለውም። የጉዞና የአሠልጣኝ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ ገቢውም በዋናነት የሽልማት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የጨዋታው መቆም በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ባሉት ላይ በረታ። ሰባቱ አካላት በጋራ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድበው ወደ 800 ለሚጠጉ ተጫዋቾች የሚሆን የድጋፍ ፈንድ አቋቋሙ። የወረርሽኝ ኢንሹራንስ የነበረው ዊምብልደንም 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለ620 ተጫዋቾች አከፋፈለ። ዩኤስ ኦፕን በነጠላ ጨዋታ የአሸናፊውን ሽልማት ከ3.85 ሚሊዮን ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ሲቀንስ፣ በመጀመሪያው ዙር ለሚሸነፍ የሚከፍለውን ከ58,000 ወደ 61,000 ዶላር ከፍ አደረገ። በሌላ በኩል የማጣሪያ ውድድሩ በመቅረቱ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ተጫዋቾች ወደ ዋናው ውድድር የሚገቡበት በር ተዘጋ።

ወደ ሜዳ መመለስ

በሰኔ ወር ኖቫክ ጆኮቪች በሰርቢያና በክሮኤሺያ ተመልካች የተገኘበት የወዳጅነት ውድድር አዘጋጀ። እሱን ጨምሮ በርካታ ተሳታፊዎች በቫይረሱ በመያዛቸው ውድድሩ ተቋረጠ። ይፋዊ ውድድር ሐምሌ 27 ቀን በጣሊያን ፓሌርሞ በሴቶች ጨዋታ ቀጠለ። ዩኤስ ኦፕን ያለ ተመልካች ተካሂዶ ናኦሚ ኦሳካና ዶሚኒክ ቲም አሸነፉ፤ የቀድሞው ዓመት አሸናፊዎች ራፋኤል ናዳልና ቢያንካ አንድሬስኩ ግን አልተሳተፉም። መስከረም 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በጀመረው ሮላን ጋሮስ በቀን 1,000 ተመልካች ብቻ ተፈቀደ። ናዳል 13ኛ ድሉን ሲያገኝ፣ በደረጃ 54ኛ የነበረችው ኢጋ ሽቪዮንቴክ በነጠላ ጨዋታ ግራንድ ስላም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ፖላንዳዊት ሆነች።

የደረጃ አሰጣጥ

በተለመደው አሠራር ደረጃ የሚወጣው ባለፉት 52 ሳምንታት በተገኘ ነጥብ ነው። ወረርሽኙን በመፍራት ቤቱ የቀረ ተጫዋች እንዳይጎዳ ማኅበራቱ የቀድሞው ዓመት ነጥብም እንዲቆጠር ፈቀዱ። በዚህም ከየካቲት በኋላ ያልተጫወተችው አሽሊ ባርቲ ዓመቱን በአንደኝነት ፈጸመች። አንድ ውድድር ብቻ ያደረገው ፌደረርም አምስተኛ ሆነ። አሠራሩ በላይ ላሉት ዋስትና ቢሆንም፣ ከታች የሚመጡ ወጣቶች ቢያሸንፉ እንኳ በቶሎ ከፍ እንዳይሉ አድርጓል።

ቀጣይ ተጽዕኖ

የአውስትራሊያ ኦፕን በሦስት ሳምንት ዘግይቶ የካቲት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ተጫዋቾቹ በልዩ በረራዎች ገብተው 14 ቀን በኳራንቲን ቆዩ፤ በበረራቸው ላይ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ስለነበሩ 72 ተጫዋቾች ለልምምድ እንኳ ከክፍላቸው መውጣት አልቻሉም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ክትባት ያልወሰደው ጆኮቪች ቪዛው ተሰርዞ ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ተባረረ።